የትል ዘር ቆጠራ

የምድር ትልን ዝርያ ለመለየት የተነሣ ሰው ትሉን ለሁለት ይከፍለዋል። ከአፉ ጀምሮ ኮርቻ እስከሚባለው ወፍራም ቀለበቱ፣ ትንሽም አልፎ እስከ አርባኛው ቀለበት ገደማ ያለው አካል ለመልክ ምርመራ ይቀመጣል። ከጅራቱ በኩል የምትቆረጠው ቁራጭ ደግሞ ለዲኤንኤ ትሄዳለች። አንድ ፍጥረት በሁለት ብልቃጥ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይጠየቃል። ፊቱን «ምን ትመስላለህ?» ይሉታል፤ ጅራቱን «የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ቃላቸው ይገጥማል፤ ሥራውም እዚያው ያልቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ቃላቸው ያልገጠመ ዕለት የሚሆነው ነው። ትሉ ሲቆፈር አንድ ነበር። ታዲያ ማነው?

ነገሩ ነጭ ጋዋን ለለበሱ ሰዎች ብቻ የሚተው ይመስላል። ጎንደር ተቀምጦ ላሰበበት ግን አዲስ አይደለም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ እዚህ ጎንደር ባላገር መሬት የሚያገኘው ዘር ቆጥሮ ነበር። ርስት ጠያቂው ዳኛ ፊት ይቆምና መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ተነሥቶ እስከ ራሱ ይወርዳል፤ እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እገሌን ወለደች እያለ በአባቱ መሥመር ሲዘጋበት በእናቱ ይዞራል። ተሟጋቹ ከመካከል አንዲት ስም ይይዝና «እሷማ ልጅ ሳትወልድ ነው የሞተችው» ይላል። ዘር ቆጣሪ ሽማግሌ ይጠራል፤ ምስክር ይሰማል፤ ይፈረዳል። ከብዙ ዓመት በኋላ የልጅ ልጅ ተነሥቶ ሙግቱን ካቆመበት ይቀጥለዋል። መልክ በዚያ ችሎት ዋጋ አልነበረውም። ሰውየው አያቱን ቁርጥ ቢመስል እንኳ በአፍንጫው ቅርጽ አንድ ጥማድ መሬት የሚፈርድለት ዳኛ አልነበረም። አሁን በትል ላይ የተያዘው ሙግት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ በትሉ ችሎት መልክም ምስክር ሆኖ መቅረቡ ነው።

እንግዲህ በመልክ እንጀምር። ሐምሌ ላይ፣ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረበት ማለዳ፣ በጎንደር፣ በማራኪ ጎዳና ዳር ውሃ ከጉድጓዱ ያስወጣውን ትል አንስቶ ደረቅ ወረቀት ላይ ማኖርና ጆሮን ማስጠጋት ነው። ኮሽ ኮሽ ይላል። ይህ ልሙጥ የሚመስል ገላ በየቀለበቱ ላይ ጥቃቅን ሹል ጠጉሮች አሉት፤ ወረቀቱን የሚቧጥጡት እነሱ ናቸው። መሬት ውስጥ ሲሄድ የሚቆነጥጥባቸው እግሮቹ ማለት ናቸው። በአንዳንዱ ወገን በየቀለበቱ ስምንት ስምንት ሆነው ጥንድ ጥንድ ይሰለፋሉ፤ በሌላው ወገን ቀለበቱን ዙሪያውን ይከቡታል። መርማሪው ገና በማጉሊያ መነጽር ሳለ በዚህ ብቻ ትልልቆቹን ቤተሰቦች ለሁለት ይከፍላቸዋል።

ከዚያ ቆጠራ ይመጣል። የትሉ ከንፈር አትቆጠርም፤ አፍ ያለበት ቀለበት አንደኛ ይባላል። ትሉ በቀጭን አልኮል ተዝናንቶ ካልሞተ ይኮማተርና ቀለበቶቹ ይጣበቃሉ፤ ያኔ መቁጠር ጣጣ ነው። ፋንድያ ውስጥ በሚኖረው ቀይ ትል ላይ 14ኛው ቀለበት የሴቴዋን ቀዳዳ ይይዛል፤ 15ኛው ላይ ደግሞ ከንፈሩ ያበጠ የወንዴ ቀዳዳ አለ። ኮርቻው፣ ሳይንሱ ክላይቴለም የሚለው ወፍራም ቀለበት፣ ከ24ኛው ወይም ከ26ኛው ገደማ ተነሥቶ 32ኛው ላይ ያበቃል። ወንዴውም ሴቴውም በአንድ ገላ ላይ ናቸው፤ የምድር ትል አባትም እናትም ነው። ይህን ነገር ኋላ ስለምንፈልገው አንርሳው። ከሰሃራ በታች ያለችው አፍሪካ የራሷ የሆነውና ኢውድሪሊዴ የሚባለው ቤተሰብ ግን አቀማመጡ ሌላ ነው፤ የወንዴው ቀዳዳ ወደ 17ኛው ቀለበት ይወርዳል፣ ኮርቻውም ወደ ፊት ይጠጋል። ስለዚህ 15ን አልፎ 17 ላይ የደረሰ ቆጣሪ አህጉር የተሻገረ ያህል ነው።

ውጪው ካልበቃ ይከፈታል። በቀጭን መቀስ ከጀርባው በኩል፣ ከመሐል መሥመር ትንሽ ፈቀቅ ተብሎ ይቀደድና ቆዳው ግራና ቀኝ በስፒል ይወጠራል። ልቦቹ አንጀቱን አቅፈው ጥንድ ጥንድ ይታያሉ። አፈር የሚፈጨው ጡንቻማ ከረጢት በጣት ሲነኩት ይጠነክራል። የዘር ከረጢቶቹ ነጣ ያሉ ናቸው። የኢውድሪሊዴ ሊቃውንት ዓይናቸውን የሚተክሉት ግን በአንድ ውስብስብ ቱቦ ላይ ነው። በሌሎቹ ትሎች እንቁላልና የወንዴ ዘር የሚገናኙት ከገላ ውጪ፣ ኮርቻው በሚሠራው ቅርፊት ውስጥ ነው፤ በእነዚህ ግን የሴቴው አካልና የተቀበለውን ዘር የሚያኖርበት ከረጢት ውስጥ ለውስጥ ተያይዘዋል። የቱቦው አጠማዘዝ፣ የከረጢቱ ቁጥር፣ የሚጋጠሙበት ቦታ፤ የዝርያው ስም የሚለየው በዚህ ነው። ትሉን ሳይገድሉ ማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም ማለት ነው። ለአንድ ፍጥረት ማንነት ከዚህ የባሰ ስውር ቦታ እኔ አላውቅም።

መልክ ግን የሚከዳበት ቦታ አለው፤ ለዚያውም ቀላል አይደለም። ልጅ ትል ኮርቻ የለውም፤ ቱቦውም ገና አልበቀለም። 25 ሴንቲ ሜትር በ25 ሴንቲ ሜትር መሬት ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ አፈሩ በእጅ ሲለቀም፣ እጅ ላይ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ልጅ ትል ነው። የመልክ መርማሪ ለእነሱ የሚሰጠው መልስ «አድጋችሁ ኑ» የሚል ነው። ሌላም አለ። የቀደሙት ሰብሳቢዎች የወደዱት ፎርማሊን ገላውን እንደ ነበረ ያቆያል፤ ዲኤንኤውን ግን ያበላሸዋል። በብዙ ቤተ መዘክሮች የተደረደሩት ትሎች መልካቸው ሳይጎድል የዘር ቃላቸውን ያጡ ናቸው።

ዘሩን መጠየቅ የተጀመረው ቅርብ ጊዜ ነው። በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲው ፖል ሂበርት እ.ኤ.አ. በ2003 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ካልተጠቀሰ በቀር በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ የእንስሳት ሁሉ ሴል ውስጥ ካለችው ከማይቶኮንድሪያ ላይ አንዲት ቁራጭ ጂን፣ ወደ 658 ፊደል የምትሆን፣ ሱቅ ውስጥ በዕቃ ላይ እንደሚለጠፈው ባርኮድ ለመለያ ትብቃ አለ። ሥራው በወሬ እንደሚቀል አይደለም። ከጅራቱ የምትቆረጠው ቁራጭ ከቆዳው ብቻ መሆን አለባት፤ አንጀት ከተነካ በውስጡ ያለው አፈር ይገባል፤ በአፈሩ ያለው ሑሚክ አሲድ ደግሞ ጂኗን የሚያባዛውን የፒሲአር ሥራ ያመክነዋል። ትል በበላው አፈር ምክንያት ማንነቱ ሳይነበብ ይቀራል። ቁራጯ በኢንዛይም ሟሙታ፣ ጂኗ በማሽን ተባዝታ፣ ፊደሎቿ ተነበው ከመዝገብ ጋር ይመሳከራሉ። ልጅ ትልም ሆነ እንቁላል ያለበት ቅርፊት፣ በወፍ ሆድ የተገኘ ቁራጭም ቢሆን ቃሉን ይሰጣል። መልክ «አድጋችሁ ኑ» ያላቸውን ሁሉ ዘር ቆጣሪው ያስተናግዳቸዋል።

በትሎች ዘንድ ሙያተኞቹ ብዙ የሚጠቅሱት ልማድ አለ። የሁለት ትሎች ፊደል ልዩነት ከ9 በመቶ በታች ከሆነ አንድ ዝርያ፣ ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ሁለት ዝርያ ነው ይባላል። ከ9 እስከ 15 ባለው መካከል የወደቀውስ? እዚያ ላይ ቁጥሩ ዝም ይላል፤ ሰው መፍረድ አለበት። ማሽኑ ልዩነትን ይለካል እንጂ ልዩነቱ የሚበቃ መሆኑን አይናገርም። «የሚበቃ» የሚለው ቃል የችሎት እንጂ የሚዛን አይደለም።

ዘር ቆጠራው ሲያሸንፍ ግን እንዴት እንደሚያሸንፍ ማየት ደስ ይላል። ሊኒየስ በ1758 ሉምብሪከስ ተረስትሪስ ብሎ የሰየመው ትል ከአውሮፓ ተነሥቶ ሌላ አህጉር የወረረ፣ ትልቁ የሌሊት ትል ነው። በ1826 ደግሞ ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ ዘምቶ የነበረው የተፈጥሮ ሊቅ ሳቪኚ ከፈረንሳይ ያገኘውን ትል ሄርኩሊየም ብሎ ሰየመ። የኋለኞቹ መርማሪዎች ሁለቱን አስተያይተው ልዩነት ስላላገኙ የሳቪኚን ስም ከሊኒየሱ በታች ቀበሩት። በ2010 ሳሙኤል ጄምስና ባልደረቦቹ ብዛት ያለው ባርኮድ ሰብስበው ሲያዩ፣ አንድ የተባለው ትል ሁለት ሆኖ ተገኘ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በሌሎች ሉምብሪከስ ዝርያዎች መካከል ካለው አያንስም። በመልክ ከመጠን በቀር የሚለያቸው ነገር የለም፤ መጠኑም ቢሆን ይደራረባል። ታዲያ የሊኒየስን ስም የሚወርሰው የትኛው ነው? ይህ ለዲኤንኤ ብቻ የሚተው ጥያቄ አልነበረም። ስም የተሰጠበት ገላ መገኘት ነበረበት። ወደ ስዊድኑ መንደርተኛ ትል ተሄደ፤ ስሙን የሚሸከም አዲስ ናሙና ተሰየመ፤ ከሳቪኚ ዘመን ብልቃጥ ውስጥ ከቆየ ናሙናም የሚነበብ ዲኤንኤ ወጣ። ስዊድኑ የሊኒየስን ስም ያዘ። የሳቪኚው ትል ደግሞ ከ184 ዓመት በኋላ ሉምብሪከስ ሄርኩሊየስ ተብሎ የራሱን ስም መልሶ አገኘ። ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ ያለው የኛ ሰው ይህን ቢሰማ አይደንቀውም ነበር።

ነገር ግን አንድ ጉድለት አለ፤ የጎንደር ዘር ቆጣሪም ቢሆን ወዲያው የሚነቅሰው ነው። የርስት ቆጠራ በአባትም በእናትም ይሄዳል። ባርኮዱ ግን በእናት ብቻ ነው፤ ማይቶኮንድሪያ ከእናት እንጂ ከአባት አትወረስምና። አንዱ ትል ለአንዱ ልጅ እናት፣ ለሌላው ልጅ አባት በሆነበት ፍጥረት ላይ የእናትን መሥመር ብቻ መቁጠር ግማሽ ርስት መንቀል ነው። አባት በዚህ ችሎት አይታይም።

አለመታየቱ ምን እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ ለማግኘት ከአገር መውጣት አያስፈልግም። ቀይ ቀበሮን ናሙና ሰብሳቢው ኤድዋርድ ሩፔል በ1840 ካኒስ ሲሜንሲስ ሲል በስሜን ተራሮች ስም ሰየመው። መልኩ ቀበሮ ይመስላል፤ ስንጠራውም በዚያው ነው። በ1994 የታተመ የዲኤንኤ ጥናት ግን ዘሩ ለአፍሪካ ቀበሮዎች ሳይሆን ለአውሮፓና እስያ ተኩላ፣ ለአሜሪካው ካዮቲም የቀረበ መሆኑን አሳየ። እስከዚህ ድረስ ዘር መልክን ረታ። ይኸው ጥናት ከውሻ የተደባለቁ የባሌ ቀበሮዎችንም መርምሮ ነበር። የእነሱ ማይቶኮንድሪያ ጥርት ያለ የቀበሮ ሆኖ ተገኘ፤ የተዳቀሉት እንስት ቀበሮ ከወንድ ውሻ ነውና። በእናት መሥመር ብቻ ቢጠየቁ ኖሮ ውሻው አባት ጨርሶ ባልተነገረ ነበር። ያጋለጠው ከሁለቱም ወላጅ የሚወረሰው የኒውክሌር ዲኤንኤ ነው፤ ቀድሞም የሰዎቹን ዓይን የሳበው የአንዳንዶቹ መልክ መለየት ነበር።

በትሎችም ሆኗል። ሉምብሪከስ ሩቤለስ በሚባለው ትል ውስጥ ባርኮዱ አብረው አንድ አፈር ላይ የሚኖሩ፣ በእጅጉ የተራራቁ ሁለት የእናት መሥመሮች ስላገኘ ሁለት ስውር ዝርያዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ሲባል ከርሟል። በ2015 የታተመ ጥናት የኒውክሌር ዲኤንኤውን በሰፊው ሲያይ ሁለቱ ያለ ገደብ እርስ በርስ ይዋለዳሉ። ሁለት የእናት ስም የያዙ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እንግዲህ ባርኮዱ በአንዱ ዘመድ ላይ እውነት ተናገረ፤ በቅርብ ዘመዱ ላይ አሳሳተ። መሣሪያው አልተለወጠም፤ 658ቱም ፊደላት ያው ናቸው። የተለወጠው ከጎኑ የቆመው ምስክር ነው።

ለዚህ ነው እኔ ዝርያ «ተገኘ» ሲባል ነገሩ የማይዋጥልኝ። የወደቀ ሳንቲም ይገኛል። ዝርያ ግን ይፈረድበታል፤ ምስክር ተሰምቶ፣ ቃል ተመዝኖ፣ ይግባኝ ክፍት ሆኖ። ይህን ስል ዝርያ የሰው ፈጠራ ነው ማለቴ አይደለም። ርስት ጠያቂውም ቢሆን ወይ የዚያ አባት ዘር ነው ወይ አይደለም፤ እውነቱ ከዳኛው በፊት አለ። ወደ እውነቱ የሚያደርሰው መንገድ ግን ፍርድ ብቻ ነው፤ ፍርድም ሊሳሳት ይችላል።

አንድ ሌላ ምስክር አለ፤ ከቤተ ሙከራ ውጪ ያለ። ማራኪ ከማውቃቸው ሰዎች መካከል በጓሯቸው የትል ኮምፖስት የሚያዘጋጁ እናት አሉ። ሳጥናቸውን ከፍተው ሲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ይህ ትል ከኛው መሬት ነው ወይስ ከውጭ የመጣ?»

«ምን አውቄልህ ልጄ! ይኼኛውን አፈር ላይ ብጥለው ይሞትብኛል፤ የጓሮውን ከሳጥኑ ብከተው ይጠፋብኛል። አንድ አይደሉም።»

ይህ አባባል በትል ጥናት ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው ነው። ፈረንሳዊው ማርሴል ቡሼ በ1970ዎቹ ትሎችን በኑሯቸው ከፍሎ፣ በላይ በብስባሽና በፋንድያ የሚኖሩትን፣ አፈር እየበሉ አግድም የሚቦረቡሩትን፣ ቁልቁል ጉድጓድ ቆፍረው ቅጠል የሚያስገቡትን ለየ። የእትዬ ሳጥን ትል የመጀመሪያው ወገን ነው፤ ዋልካ መሬት አርሶ አያውቅም። ዳርዊንም በ1881 ባሳተመው የመጨረሻ መጽሐፉ ትሎቹ የሠሩትን እንጂ የትሎቹን ዝርያ ዋና ጉዳዩ አላደረገም። ከመልክና ከዘር ጎን «ምን ሠርቶ ይኖራል?» የሚለው ጥያቄ ሦስተኛ ምስክር ሆኖ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ምስክር ነው።

እዚያ ሳጥን ውስጥ ያለው ትል በኢትዮጵያ የኮምፖስት ሥልጠናዎች ተደጋግሞ ኢዜኒያ ፈቲዳ ተብሎ ይጠራል። ነገር ግን ኢዜኒያ አንድሬ የሚባል መንታ የሚመስል ዘመድ አለው። ፈቲዳው በቀለበቶቹ መካከል ገረጣ ያለ መሥመር ስላለው ዥንጉርጉር ነው፤ አንድሬው ወጥ ቀይ ነው። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ይቆጠሩ ነበር። ፈቲዳ የመርዝ ኬሚካሎችን ጉዳት ለመፈተን በዓለም አቀፍ መመሪያ ከ1984 ጀምሮ የተመረጠ ትል ነው፤ ፀረ ተባይ መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት በእሱ ይሞከራል። በ2016 የታተመ ጥናት ከ28 ቤተ ሙከራዎች የመጡ ትሎችን ባርኮድ ሲያይ ፈቲዳ ተብለው የተያዙ አንዳንዶቹ አንድሬ ሆነው ተገኙ። የባለሙያ እጅ ያለበት ቦታ ይህ ከሆነ፣ ከሰው ወደ ሰው በፌስታል እየተሸጋገረ ጎንደር የደረሰ ትል ላይ ስም መለጠፍ ምን ያህል መድፈር እንደሚጠይቅ መገመት አያቅትም። ለእትዬ ኮምፖስት ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ለመድኃኒቱ ፈተና ግን ነው። ማንነት ለሁሉም ጉዳይ እኩል አይከብድም።

ወደ ገጠሩ፣ ወደ ወገራና ዳባት፣ ወደ ደባርቅና ስሜን ስንወጣ ጥያቄው ይጠነክራል። ይህ አገር የፍጥረት ስም ብዙ ያስመዘገበ አገር ነው። ይኸው ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በስሜንና በጎንደር አልፎ የሰበሰበው ናሙና ፍራንክፈርት ሄዶ፣ ዋልያም ጭላዳም በ1835 ሳይንሳዊ ስማቸውን በእሱ እጅ አገኙ። ስም ተሸካሚ ናሙናዎቹ እዚያው ዜንከንበርግ ቤተ መዘክር ናቸው። ትል መቆፈር ግን ለመንገደኛ የጉዞ ወግ አይሆነውም፤ ዋልያ መተኮስ የሚነገር ጀብዱ ነው። ጎንደርም ቢሆን በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ከተከፈተባት ጀምሮ በማይክሮስኮፕ ሥር ትል ሲታይባት የኖረች ከተማ ብትሆን፣ የታየው የሰው ሆድ ትል ነበር። በሽታ የማያመጣ ትል የሚያየው አይበዛም።

ከኢትዮጵያ የምድር ትሎች በደቡብ በኩል በስም የገቡ አሉ። ኦስካር ኖይማንና ካርሎ ፎን ኤርላንገር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ባደረጉት ጉዞ የሰበሰቡትን፣ የሐምቡርጉ ቪልሄልም ሚካኤልሰን በ1903 መርምሮ አወጣው። ከስሞቹ አንዱ ጋርዱላሪያ ነው፤ ጊዶሌ አካባቢ ካለው ከጋርዱላ የተወሰደ። የኢውድሪሊዴ ወገን ነው። ሚካኤልሰን የነበረው መልክ ብቻ ነው፤ ያቺ የተጠማዘዘች ቱቦ። እንግዲህ ዛሬ አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከጋርዱላ አፈር ባርኮድ ቢያወጣ፣ ባርኮዱን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው? የስዊድኑን ትል መንገድ መከተል ብቻ ነው፤ ስሙ በተሰጠበት ቦታ መቆፈር፣ ያቺን ቱቦ ከጽሑፉ ጋር ማስተያየት፣ ሚካኤልሰን ካየው ናሙና ጋር ማመሳከር፣ ከዚያም ፊደሉን ማንበብ። መልክ ሳይመሰክር ዘር ብቻውን ስም አያገኝም።

ቦልድ የሚባለው የባርኮድ መዝገብ ለዚህ ችግር አንድ ዘዴ አለው። ተቀራራቢ ባርኮዶችን ሰብስቦ ስም እስኪያገኙ የመለያ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ለሥራ ይጠቅማል፤ ብዛት ይቆጠርበታል፤ ከአገር አገር ይመሳከርበታል። ከዳባት ጨፌ የወጣ ትል ቁጥር ይዞ ለዘላለም ቢቀመጥ ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል። ቁጥሩ ከማን እንደሚርቅ ይናገራል፤ ምን እንደሚበላ፣ ኮርቻው ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ጓሮ ላይ ይኑር ወይስ ጫካ ውስጥ አይናገርም። በርስት ቋንቋ ቢባል ዘሩ ተቆጥሮ ሳለ መሬት ያልደረሰው ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ናሙናው የት ይኑር የሚለው የፍልስፍና ጉዳይ ይሆናል፤ የመጋዘን ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገራችን ስለ ጄኔቲክ ሀብት አርክቦት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዓ.ም. ናሙና ከአገር ሲወጣ ፈቃድ ይጠይቃል። በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የተፈረመውን የጤፍ ስምምነትና የተከተለውን የባለቤትነት መብት ክርክር የሚያስታውስ ሰው አዋጁን አጥብቆ ቢይዘው አይፈረድበትም። ፊደል ግን ድንበር የለውም፤ አንዴ ከተነበበ በኢሜይል ይሄዳል። ፊደሉን ማገድ አይቻልም፤ ጥቅሙም አይታየኝም።

ስለዚህ ብልቃጦቹን እለያቸዋለሁ። ከስሜንና ከወገራ የሚሰበሰብ ትል ጅራቱ በፈቃድ ጉዌልፍም ሐምቡርግም ይሂድ፤ እዚያ ያለው ማሽን ፈጣን ነው፣ ዋጋውም እየቀነሰ ሄዷል። ፊቱ ግን፣ አርባው ቀለበት ከነኮርቻው፣ ከነቱቦው፣ በ96 በመቶ አልኮል ጎንደር ይቀመጥ፤ በእርሳስ የተጻፈ መለያ ይግባበት፣ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟልና። የመለያው ወረቀት ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና ከምን ዓይነት አፈር እንደወጣ ይያዝ። ዛሬ የተሰጠው ስም ነገ ሊሻር ይችላል። በ9 እና በ15 መካከል የወደቀውን ትል አንድ ዝርያ ያልነው ሰዎች ተሳስተን ይሆናል፤ የልጅ ልጅ ይግባኝ ሲል መዝገቡን ገልጦ ቱቦውን በዓይኑ ማየት አለበት። ያ ይግባኝ ባይ ከደባርቅ በአውቶቡስ የሚመጣ ተማሪ ቢሆን፣ አንዲት የዘር ከረጢት ለማየት ኤምባሲ ደጅ ቪዛ ሲጠብቅ መክረም የለበትም።